የሞዴል ባቡር ፎቶግራፍ አሻንጉሊት እንዳይመስል
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ያደግሁት ድሬዳዋ፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ነው። አሁን ፍራንክፈርት የምኖር ጡረተኛ ስሆን፣ ያለፉትን ዓመታት የድሮውን የኢትዮ-ጅቡቲ ምድር ባቡር የድሬዳዋ ጣቢያ በ1 ለ87 መጠን በመሥራት አሳልፌአለሁ። የጣቢያውን ሕንጻና ፉርጎዎቹን የሠራኋቸው በእጄ ነው። ፊቱ ቁጭ ብዬ ስመለከተው የልጅነት ሰፈሬን ያየሁ ይመስለኛል፤ ፎቶግራፍ ሳነሣው ግን ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ የሕፃን መጫወቻ ይሆንብኛል። ካሜራዬም ሌንሴም ጥሩ ናቸው። ስሕተቴ ምን ላይ ነው? በኮምፒዩተር አስተካክለውስ ይሆን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ኮምፒዩተሩን ለጊዜው እንተወውና ካሜራዎ ከየት ሆኖ እንደሚያይ እናስላ። የአዋቂ ሰው ዓይን ከመሬት 1.65 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ይህ ለ87 ሲካፈል 19 ሚሊሜትር ይሆናል። ስለዚህ በእርስዎ ድሬዳዋ ውስጥ ባቡር የሚጠብቅ መንገደኛ ጣቢያውን የሚያየው ከሐዲዱ 2 ሳንቲሜትር እንኳ ከማይሞላ ከፍታ ነው። እርስዎ ግን እንደ አብዛኛው ሰው ቆመው፣ ከሞዴሉ 50 ሳንቲሜትር ከፍ ብለው ካነሡ፣ የሚታየው ከ40 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ የተወሰደ ትዕይንት ነው። ድሬዳዋን ከዚያ ከፍታ እያየ ያደገ ሰው የለም፤ ዓይናችን ሥዕሉን የማያምነውም በዚህ ምክንያት ነው። ካሜራውን ራሱን ሞዴሉ ላይ ቢያስቀምጡት እንኳ የሌንሱ መሐል ከ5 እስከ 6 ሳንቲሜትር ከፍ ስለሚል፣ በሞዴሉ ዓለም ከ4 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ነዎት። መፍትሔው ካሜራውን ከጠረጴዛው ውጭ በትራይፖድ ማቆምና የሌንሱን መሐል ከሞዴሉ ጠርዝ ጥቂት ብቻ ከፍ እስኪል ድረስ ዝቅ ማድረግ ነው። ጠርዙ ላይ እይታ የሚጋርድ ክፈፍ ካለ፣ ሊነቀልና ሊመለስ በሚችል መንገድ ቢሠሩት ይመከራል።

ሁለተኛው አጋላጭ ብዥታ ነው። ሌንስ በጣም ቀርቦ ሲያነሣ በጥራት የሚታየው የጥቂት ሳንቲሜትር፣ አንዳንዴም የጥቂት ሚሊሜትር ጥልቀት ብቻ ሲሆን፣ ከፊቱና ከኋላው ያለው ሁሉ ይደበዝዛል። ከሩቅ የምናየው እውነተኛ ጣቢያ ግን ከመድረኩ እስከ ተራራው ድረስ ጥርት ብሎ ስለሚታይ፣ አእምሯችን ብዥታን ከቅርብና ከትንሽ ነገር ጋር ማያያዝን ለምዷል። ለዚህም ማስረጃው፣ የእውነተኛ ከተማ ፎቶግራፍ ላይኛውና ታችኛው ክፍሉ ሆን ተብሎ ሲደበዝዝ ከተማው ወዲያው መጫወቻ መምሰሉ ነው። እርስዎ የሚፈልጉት የዚህን ተቃራኒ ነው።

አፐርቸሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን የሌንሱን ቀዳዳ፣ እስከ ኤፍ 22 ማጥበብ ጥልቀቱን ይጨምራል፤ ሆኖም ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን የሥዕሉ ጥራት በሙሉ ይቀንሳል። የቀድሞዎቹ ሞዴል ሠሪዎች ይህን ጉዳት ተቀብለው፣ በመርፌ የተበሳ በሚመስል ቀዳዳ ለረጅም ጊዜ ብርሃን እያስገቡ ያነሡ ነበር። (በካሊፎርኒያ ሞንተሬይ ይኖር የነበረው የባቡር ሞዴል ሠሪ ጆን አለን በሙያው ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ከሞተ ከጥቂት ቀናት በኋላ ታላቁ የባቡር ሞዴሉ በእሳት ስለወደመ፣ ዛሬ ያ ሥራ የሚታወቀው በፎቶግራፎቹ ነው። እርስዎም ሞዴልዎን በሚገባ ቢያነሡት ከንቱ ድካም አይሆንም።) ዛሬ የተሻለው መንገድ በተለያየ የፎከስ ርቀት የተነሡ ፎቶግራፎችን ማጣመር ነው። አፐርቸሩን ኤፍ 8፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) 100 ላይ ያድርጉ፤ ፎከሱን በእጅ ይያዙና ካሜራውን ሳያንቀሳቅሱ ከሁሉ ቀርቦ ከሚታየው ጠጠር ጀምረው በጥቂት በጥቂቱ ወደ ኋላ እየገፉ ከ15 እስከ 30 ፎቶግራፍ ያንሡ። ከዚያም ፎቶሾፕ ወይም ለዚሁ የተሠራው ሄሊኮን ፎከስ ከእያንዳንዱ ጥርት ያለውን ክፍል መርጦ አንድ ሥዕል ያደርግልዎታል። ካሜራው እንዳይነቃነቅ ሻተሩን በእጅ ሳይጫኑ በካሜራው የሰከንድ መቁጠሪያ ያስነሡት፤ ወለሉ የእንጨት ከሆነም ትንፋሽዎን ባይይዙ እንኳ እግርዎን ይያዙ።

ብርሃኑን በተመለከተ፣ በድሬዳዋ ሰማይ ላይ ያለችው ፀሐይ አንድ ናት። በክፍልዎ ጣሪያ ላይ ሦስት አምፖል ካለ ግን እያንዳንዱ ፉርጎ ሦስት ጥላ ይጥላል፤ ይህም ተመልካቹ ሳያውቀው የሚረብሸው ነገር ነው። ሁሉንም አጥፍተው አንድ ጠንካራ መብራት ብቻ ይተዉ፤ የካሜራውንም ፍላሽ ይርሱት። መብራቱ ቅርብ ከሆነ ጥላዎቹ እንደ ማራገቢያ ስለሚበተኑ፣ ክፍሉ እስከፈቀደ ድረስ ያርቁት። ድሬዳዋ ላይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ የሰው ጥላ የቁመቱን እጥፍ ያህል ይረዝማል፤ ይህን ለማግኘት መብራቱ ሁለት ሜትር ርቆ አንድ ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ የሚቆመውም በሞዴሉ ምሥራቅ በኩል ነው። ጥላው በጣም ከጠቆረ በተቃራኒው ወገን ነጭ ካርቶን ያቁሙ።

ሞዴሉ በክፍል በክፍል የሚነቀል ከሆነ ግን እኔ ከመብራት ይልቅ ደጅ ማውጣቱን እመርጣለሁ። ፍራንክፈርት ላይ በፈረንጆቹ ኦክቶበር መጨረሻ ወይም በፌብሩዋሪ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ የምትቆምበት ከፍታ፣ ድሬዳዋ ላይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ከምትቆምበት ጋር ይቀራረባል። የቀትሩን የጀርመን ፀሐይ የአገርዎ የማለዳ ፀሐይ ማድረግ ይችላሉ ማለት ነው፤ ለጣቢያውም ከኋላው የወረቀት ሳይሆን እውነተኛ ሰማይ ያገኙለታል።

ከማንሣትዎ በፊት በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ይጥረጉ። በዓይን የማይታይዎት የ3 ሚሊሜትር ብጣሽ ክር በሞዴሉ መጠን 26 ሳንቲሜትር የሚረዝም ገመድ ነው። ሐዲዱንም ይመልከቱ፦ እውነተኛ ሐዲድ የሚያብረቀርቀው መንኮራኩር የሚነካው አናቱ ብቻ ሲሆን ጎኑ የዝገት መልክ አለው።

አሁን ወደ ኮምፒዩተሩ። የመጀመሪያው ሥራ ፕሮግራሙ ሲያጣምር የተሳሳተባቸውን ቦታዎች ማረም ነው። በተለይ የቅርብ ምሰሶ ወይም የዛፍ ቅርንጫፍ ከሩቅ ግድግዳ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ነጣ ያለ ጭጋግ ይቀራል፤ ያን ቦታ ምሰሶው ጥርት ብሎ ከታየበት ነጠላ ፎቶግራፍ ወስደው በእጅ ይሸፍኑት። ቀጥሎ የሞዴሉን መጋጠሚያ ስንጥቆችና የግድግዳውን ጥግ ያጥፉ። ከዚያ በኋላ ከሩቅ ባለው ክፍል ላይ ብቻ እጅግ ስስ የሆነ ፈዛዛ ቀለም ያልብሱ፤ በእውነተኛው ዓለም በእኛና በተራራው መካከል ብዙ አየር ስላለ ሩቁ ይፈዛል፤ በሞዴሉ ላይ ግን ያ አየር የለም። ለደጋ አገር ወደ ሰማያዊ ያደላ ይስማማል፤ ለድሬዳዋ ግን አቧራማ፣ ወደ ቢጫ የቀረበ ቢሆን ይሻላል። የቀለሞቹንም ድምቀት ዝቅ ያድርጉ፤ ጥራት የሚጨምረውን መሣሪያ ግን ባይነኩት ይመረጣል፤ የቀለም ቅብዎን ሸካራነት ያጎላዋልና።

ጭስ መጨመር ብዙዎችን ይፈትናል። ሞዴልዎ ዲዝል ከገባ በኋላ ያለውን ዘመን የሚያሳይ ከሆነ የእንፋሎት ጭስ ስፍራ የለውም። የእንፋሎቱን ዘመን ከሆነም ጭሱ ጥላዎቹን በጣለው ብርሃን አቅጣጫ መድመቅ አለበት፤ አለዚያ የአንድ ሰዓት ድካምዎን አንድ ደመና ያፈርሰዋል።

ጥያቄ፦ እኔ ከካርቶን የሠራሁት ትንሽ የለገሃር ጣቢያ ሞዴል አለኝ፤ ያለኝ ግን ስልክ ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ።

መልስ፦ በዚህ ሥራ ስልክ ከትልቁ ካሜራ የሚበልጥበት ነገር አለ። ብርሃን ተቀባዩ ክፍል ትንሽ ስለሆነ በጥራት የሚያሳየው ጥልቀት ሰፊ ነው፤ ሌንሱም ከስልኩ ጥግ አጠገብ ስለሚገኝ፣ ስልኩን ገልብጠው ሌንሱን ወደ ታች ሲያደርጉት ከመሬቱ አንድ ወይም ሁለት ሳንቲሜትር ብቻ ይርቃል። በመንገዱ ላይ፣ በሰዎቹ መካከል ያቁሙት። ለሰው ፊት የተዘጋጀውንና ከኋላ ያለውን የሚያደበዝዘውን ምርጫ ያጥፉ፤ ብዥታ ሠርቶ ስለሚጨምር ሞዴሉን እንደገና መጫወቻ ያደርገዋል። ጣትዎን በስክሪኑ ላይ ለጥቂት ጊዜ ተጭነው ፎከሱን መሐል ላይ ይቆልፉና ብርሃኑን ትንሽ ቀነስ ያድርጉ፤ ነጭ ካርቶን በፀሐይ ላይ ቶሎ ይነጣል።