ሊጉ ሲዘጋ የትኬቱ ገንዘብ የሚመለሰው ለማን ነው?

ጥያቄ፦ በካናዳ፣ አልበርታ ክፍለ ሀገር፣ የካልጋሪ ከተማ ነዋሪ ነኝ። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ለዓመታት በሰሜን አሜሪካው ብሔራዊ የበረዶ ሆኪ ሊግ (NHL) የሚጫወተውን የከተማችንን ክለብ የሙሉ ውድድር ዘመን ትኬት ስንገዛ ቆይተናል። እ.ኤ.አ. በ2012 ተጫዋቾቹ አድማ መትተው ብዙ ጨዋታ ሲሰረዝ አንድም ዶላር አልተመለሰልኝም። አሁን ደግሞ ክለቡ ከ2030 የሚያልፍ ውል አቅርቦልናል። ሊጉን መክሰስ እችላለሁ? ለወደፊቱስ ምን ዋስትና አለኝ?

መልስ፦ በቅድሚያ አንድ ነገር ላርምዎት። በ2012 አድማ የመታ ተጫዋች አልነበረም። በክለብ ባለቤቶችና በተጫዋቾች ማኅበር መካከል የነበረው የኅብረት ስምምነት በሴፕቴምበር አጋማሽ ሲያበቃ ሥራውን የዘጉት ራሳቸው ባለቤቶቹ ናቸው፤ ከገቢው 57 በመቶ የነበረው የተጫዋቾች ድርሻ እንዲቀነስ ፈልገው ነበር፤ በጃንዋሪ 2013 ሲታረቁም ድርሻው 50 በመቶ ሆነ፣ ከ82ቱ ጨዋታም 48ቱ ብቻ ተካሄደ። የካልጋሪና የኤድመንተን ተጫዋቾች መዘጋቱ ሕገ ወጥ ነው ብለው ለአልበርታ የሥራ ግንኙነት ቦርድ ቢያመለክቱም አልተሳካላቸውም። ለስምምነቱ ወገን ያልሆነ ደጋፊ ደግሞ ሊጉን በመዘጋቱ ምክንያት የሚከስበት መሠረት እጅግ የሳሳ ነው። የ2004–05 ውድድር ዘመን ሙሉ በሙሉ ከተሰረዘ በኋላ በቶሮንቶ በመዝናኛነት ሆኪ የሚጫወቱ ሰዎች ፍርድ ቤት ሄደው፣ ሊጉ ሳይጫወት በሚቀርበት ዓመት የስታንሊ ዋንጫ (የሊጉ ሻምፒዮን የሚወስደው ዋንጫ) ጠባቂዎች ዋንጫውን ከሊጉ ውጭ ለሆነ ቡድን መስጠት እንደሚችሉ በ2006 በስምምነት አስወስነዋል፤ እነርሱም ቢሆኑ የትኬት ገንዘብ ይመለስልን አላሉም።

የ2012ቱ ገንዘብ ጉዳይ በይርጋ የታገደ ይመስለኛል፤ በአልበርታ ሕግ መደበኛው ጊዜ ጉዳቱን ካወቁበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት፣ የመጨረሻው ጣሪያ ደግሞ 10 ዓመት ነውና።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ያልነገሩኝ ነገር ነው። «አቅርቦልናል» ብለው በብዙ ቁጥር ጽፈው፣ ገንዘቡ ላይ ሲደርሱ «አልተመለሰልኝም» ይላሉ። የክለቡ ሒሳብ የተከፈተው በማን ስም ነው? በእርስዎ ስም ቢሆን ኖሮ ይነግሩኝ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ። በዚያን ጊዜ ብዙ ክለቦች የተሰረዙትን ጨዋታዎች ክፍያ እንመልስ ወይስ ለቀጣይ ግዢ በሒሳባችሁ ይቀመጥ ብለው አስመርጠዋል፤ ጥያቄው የሚላከው ግን ስሙ ለተመዘገበው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ «አልተመለሰልኝም» ያሉት ገንዘብ ለጓደኛዎ ተመልሶ፣ ወይም በእርሱ ሒሳብ ተቀምጦ ለቀጣዩ ዓመት ውሎ ሊሆን ይችላል። ክለቡ ውል የገባው ከእርሱ ጋር በመሆኑ እርስዎን የማወቅ ግዴታ የለበትም።

ደንበኞች ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ ይህ ነው። ጨዋታዎቹ ቡና ላይ በዕጣ ይከፋፈላሉ፣ ገንዘቡ በኢ-ትራንስፈር (በባንክ በኩል በኢሜይል ወይም በስልክ በሚላክ ክፍያ) ለባለሒሳቡ ይላካል፣ በመልእክቱ ቦታ «ለሆኪ» ተብሎ ይጻፋል፤ ሌላ ወረቀት የለም። ሊጉ የተዘጋ ዕለት ባለሒሳቡ «እኔ ለእነርሱ የሸጥኩት ጥቂት ጨዋታ ነው» ቢል፣ «ለሆኪ» የምትለው ቃል ስንት ጨዋታ፣ የትኛው ወንበር፣ የማን ድርሻ እንደሆነ ለዳኛው አትናገርም። በይሉኝታ ያለ ወረቀት መክፈልዎን ባልወቅስም፣ እንዲደግሙት ግን አልመክርም። የእያንዳንዳችሁን ድርሻና የወንበር ቁጥር፣ ጨዋታ ሲሰረዝ ተመላሽ ወይስ ማስቀመጥ የሚለውን ማን እንደሚመርጥ፣ የተመለሰው ገንዘብ በስንት ቀን እንደሚከፋፈል፣ አንዱ ከተማ ቢለቅ ድርሻው ለማን እንደሚተላለፍ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ አራታችሁም ፈርሙ።

አዲሱን ውል በተመለከተ፣ በ2025 የጸደቀው የኅብረት ስምምነት እስከ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2030 ድረስ ይጸናል፤ ከዚያ በኋላ ለሚመጡት ዓመታት እንዲህ ያለ መተማመኛ ስለሌለ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት በአልበርታ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ያንብበው። የሥራ መዘጋት ከአቅም በላይ በሆኑ ምክንያቶች ውስጥ ተቆጥሯል ወይ፣ ዝምታ ገንዘቡ ይቀመጥ እንደማለት ይወሰዳል ወይ፣ ክርክር ወደ ግልግል ዳኝነት ይመራል ወይ፣ ውሉ በራሱ ይታደሳል ወይ የሚሉትን በተለይ ይጠይቁት። ወደ ጠበቃው ሲሄዱ ከ2012 ጀምሮ ከክለቡ የመጡ ኢሜይሎችን፣ የሒሳቡን መግለጫና የኢ-ትራንስፈር ደረሰኞችን ይያዙ፤ ኢሜይሎቹ በጓደኛዎ ዘንድ ከሆኑ ዛሬውኑ ቅጂ ይጠይቁት። ባለሒሳቡ በዚያች አንድ ገጽ ላይ ለመፈረም ቢያመነታ፣ የቀጣዩን ዓመት ድርሻ ከመላክዎ በፊት ምክንያቱን ያስረዳዎት።