ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ልጅ ማዛወርን ለጠየቁት እህቴ

እህቴ፣ ባለቤትዎ ለሥራ ወደ አዳማ ስለተዛወሩ 6ኛ ክፍልን የጨረሰው ልጅዎ በመስከረም እዚያ ቢገባ ይቸገር እንደሆነ ጠይቀዋል። እኛም ሴት ልጃችንን ይዘን በዚሁ መንገድ ያለፍን ስለሆነ፣ የዩኒፎርሙንና የክፍያውን ነገር ለሌሎች ትቼ ዋናውን እነግርዎታለሁ።

አንደኛ፣ ትምህርት ቤቱ የሚያስተምርበትን ቋንቋ አስቀድመው ይጠይቁ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ከደነገገ ወዲህም፣ በእንግሊዝኛ ማስተማር የሚጀመርበት ክፍል ከክልል ክልል ይለያያል። አዲስ አበባ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳብና ሳይንስን በእንግሊዝኛ ታስተምራለች፤ በኦሮሚያ ግን እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ነው። ስለዚህ 7ኛ ክፍል ላይ የሚዛወር ልጅ በሁለት ዓመት ውስጥ ቋንቋውን ለምዶ፣ ብዙዎቻችን አሁንም ሚኒስትሪ ለምንለው የ8ኛ ክፍል ፈተና መድረስ አለበት። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በሁሉም ክልል በእንግሊዝኛ ስለሚማሩ፣ አዲስ አበባ የሚያስጠጋው ዘመድ ካለ እስከዚያ ማቆየቱን እመርጣለሁ። አዳማ ውስጥ በአማርኛ የሚያስተምሩም አሉ፤ እኛ ስንደርስ ግን ያገኘናቸው ሁሉ ሞልተው ነበር።

ሁለተኛ፣ መሸኛውን በሰኔ፣ ካርድ ሲሰጥ ይጨርሱ። የእኛ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ከአዲሱ ትምህርት ቤት የተቀባይነት ደብዳቤ ካላመጣችሁ አልሸኝም አለች፤ አዲሱ ትምህርት ቤት ደግሞ መሸኛ ሳናይ ደብዳቤ አንጽፍም አለ። ክረምቱን በሙሉ በሁለቱ መካከል ስንመላለስ፣ ሴትዮዋ አንድ ቀን እንኳ ቀና ብላ አላየችንም። መውጫ የተገኘው ባለቤቴ አዳማ ላይ ርእሰ መምህሩን ለምኖ፣ «ቦታ አለን፤ ምዝገባው የሚጸናው መሸኛው ሲቀርብ ነው» የሚል አንድ መስመር ሲያስጽፍ ነው። ይህንኑ አስጽፈው ቢሄዱ የክረምት እንግልት ይቀርልዎታል።

ሦስተኛ ብዬ የጀመርኩት ስለ ማስጠኛ ልነግርዎ ነበር፤ ልጄ ግን ምን ማስጠኛ አስፈለጋት! ቋንቋ አታውቅም ተብላ ወደ 5ኛ ክፍል እንድትመለስ ሲጠይቁን እምቢ ብዬ 7ኛ አስገባኋት፤ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትጫወት ለምዳው ሚኒስትሪዋን በአፋን ኦሮሞ ተፈትና አለፈች። ያስለቀሰን የስሟ ጉዳይ ነው። በቁቤ፣ ማለትም አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ «ጠ» የሚጻፈው በኤክስ ሲሆን፣ የልደት የምስክር ወረቀቷ ላይ ያለው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ግን በቲ ነው። መዝጋቢው የአባቷን ስም በኤክስ ጻፈው፤ ስህተት ነው ሊባል አይችልም፣ በቁቤ ትክክል ነው። ያው አጻጻፍ ግን ወደ 8ኛ ክፍል የምስክር ወረቀቷ ተሻገረ፤ 9ኛ ክፍል ስትመዘገብም ሁለቱ ወረቀቶች የአንድ ልጅ አይደሉም ተባልን። ለማስተካከል ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ስንላክ፣ አንዱ ኃላፊ «ስሟን ለምን አትቀይሩትም?» ብሎ ቀለደብን።

ስለዚህ ሲያስመዘግቡ የልደት ወረቀቱን ይያዙ፤ የእንግሊዝኛው ስም በምን ፊደል እንደተጻፈ በዓይንዎ ካላዩ ከመዝጋቢው ፊት አይነሡ፤ ለ8ኛ ክፍል ፈተና ሲመዘገብም እንደገና ይመልከቱት።