ኪሳራ ላውጅ ላለችው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። የባንክ፣ የእቁብ፣ የዘመድና የአራጣ ዕዳ ተደራርቦብሽ የልብስ ሱቅሽ ከእጅሽ ሊወጣ ነው። አሜሪካ ያለችው እህትሽ «እኔ ባንክራፕሲ አውጄ ነው የተገላገልኩት፣ አንቺም አውጂ» ብላሻለች። ምን ላዘጋጅ ነው ያልሽው። እኔም እዚሁ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር የዓሣ ምግብ ቤት ነበረኝ። ዘጌ ገዳማቱን አይተው በጀልባ የሚመለሱ ቱሪስቶች ነበሩ የሚያኖሩኝ። በ2012 ኮሮና መጣ፣ ከዚያ ጦርነቱ። ቀሪውን ታውቂዋለሽ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ያለፍኩበትን ልንገርሽ።

የእህትሽን ነገር አስቀድመን እንለየው። ያለችሽ እውነት ነው፣ ግን የዚያ አገር እውነት ነው። አሜሪካ ደሞዝተኛም ቢሆን የክሬዲት ካርድና የሆስፒታል ዕዳ ሲያንቀው ፍርድ ቤት ሄዶ እንዲሰረዝለት መጠየቅ ይችላል። ቻፕተር 7 የሚሉት እሱን ነው። እዚያም ቢሆን ዝም ብሎ አይገባም፤ ከማመልከቱ በፊት ባሉት 180 ቀናት ውስጥ የዕዳ ምክር መውሰድ አለበት። የልጅ ቀለብ ዕዳም አይሰረዝለትም። እኛ ጋ የመክሰር ሕግ የተጻፈው ለነጋዴና ለንግድ ማኅበር ነው። በ1952ቱ የንግድ ሕግም፣ የመክሰር ክፍሉን በተካው አዋጅ 1243/2013ም። አንቺ ንግድ ፈቃድ ስላለሽ በሩ አለልሽ። መምህሩ ባለቤትሽ ግን በግሉ ለተበደረው በዚያ በር አይገባም።

አሁን ወደ ዝግጅቱ። እኔ ጠበቃ ጋ ስሄድ አንድ ማመልከቻ ፈርሜ የምወጣ መስሎኝ ነበር። «ስንት ዕዳ አለብሽ?» አለኝ። «ወደ አንድ ነጥብ አራት ሚሊዮን» አልኩት። «ወደ የሚባል ዕዳ የለም» አለና ደብተር ገዝተሽ ጽፈሽ ነይ ብሎ መለሰኝ። ተናድጄ ነበር። ሃምሳ ብር የማይሞላ ደብተር ምን ሊያደርግልኝ ነው ብዬ።

ልጆቹ ከተኙ በኋላ ከባለቤቴ ጋር ተቀመጥን። ገጹን በመስመር ከፋፈልኩት፦ ማን፣ ስንት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ወለዱ፣ ማስያዣው፣ ዋሱ፣ ወረቀት አለው ወይስ የለውም። ባንኩንና እቁቡን ቶሎ ጻፍን። ከዚያ የረሳናቸው መጡ። ቆሮሶ በዱቤ ያመጡልኝ የነበሩት ዓሣ አስጋሪዎች። የአትክልት ሻጯ። የአራት ወር የቤት ኪራይ። የሁለት አስተናጋጆች ደሞዝ። ሌሊቱ ሲጋመስ ባለቤቴ ጭንቅላቱን አከከና «እኔም አንድ አለኝ» አለ። ከወንድሙ ሳልሰማ የተበደረው መቶ ሃያ ሺህ ብር። ተጣላን፣ አለቀስኩ፣ ቡና አፈላሁ፣ ጻፍነው። ድምሩ 1,730,000 ሆነ። እኔ እንቅልፍ ያጣሁት ለ1,400,000ው ነበር፤ ሌላው ዝም ብሎ ሲያድር ኖሯል።

በሌላ ገጽ ያለሽን ጻፊ። ልብሱን በገዛሽበት ዋጋ አትጻፊ፣ ዛሬ ቢሸጥ በሚያወጣው ጻፊ። በዱቤ ወስደው የጠፉብሽንም እንዳትረሺ፣ እነሱም ሀብትሽ ናቸው። ከደብተሩ ጋር ንግድ ፈቃድሽን፣ የብድር ውሎቹን፣ የባንክ ስቴትመንቱን፣ የኪራይ ውሉን፣ የግብር ደረሰኞቹን በአንድ ፌስታል ሰብስቢ። ፍርድ ቤት ብትሄጂም ባትሄጂም የሚጠየቀው ይኼው ነው።

ሁለት ጥፋቴን ልንገርሽ፣ አንቺ እንዳትደግሚው። የመጀመሪያው የፍሪዘሮቹ ነው። ባንኩ ሊመጣ ነው ሲሉኝ ሁለቱን ፍሪዘሮች በማታ በጋሪ ጭኜ ወንድሜ ቤት አስገባሁ። በዚያው ሳምንት አክስቴን ስላፈርኳት ስልሳ ሺህ ብሯን ከፈልኳት። ለጠበቃው እንደ ብልጠት ነው የነገርኩት። ደነገጠ። «ፍሪዘሮቹን ዛሬውኑ መልሺ» አለኝ። ነጋዴ ዕዳ መክፈል ካቆመበት ቀን ወዲህ የሰጠው ስጦታና ጊዜው ሳይደርስ የከፈለው ዕዳ ኋላ በፍርድ ሊፈርስ ይችላል። አክስቴም ተከሳሽ ልትሆን ነበር ማለት ነው። ንብረት መደበቅ ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ አጭበርብሮ መክሰር በወንጀል ሕጉ ያስጠይቃል። እህትሽን ጠይቂያት፣ አሜሪካም ለዘመድ አስቀድሞ የተከፈለ ገንዘብ አንድ ዓመት ወደኋላ ተቆጥሮ ሊመለስ ይችላል። በማግስቱ ፍሪዘሮቹን በጠራራ ፀሐይ መለስኩ። ጎረቤት ሁሉ እያየ።

ሁለተኛው ቼኩ ነው። አራጣ አበዳሪው በወር አሥር በመቶ ሲያበድረኝ «ለመተማመኛ ብቻ» ብሎ ቀን ያልተጻፈበት ቼክ አስፈረመኝ። ዕዳ መክፈል ያቃተው ሰው ጉዳይ ፍትሐ ብሔር ነው። ስንቅ የሌለው ቼክ፣ ማለትም ባንክ ውስጥ በቂ ገንዘብ ሳይኖር የተሰጠ ቼክ ግን በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 ወንጀል ነው። ሰውየው የያዘው ብድሬን ብቻ አልነበረም፣ እኔኑ ነው። አንቺም እንዲህ ያለ ቼክ ሰጥተሽ ከሆነ ደብተሩ ላይ በቀይ ጻፊው፣ ጠበቃው ጋም መጀመሪያ እሱን አንሺ። የአራጣ አበዳሪውም እጅ ንጹሕ አይደለም። አራጣ ራሱ ወንጀል ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉም ለብድር በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ አይፈቅድም። ጠበቃውና ሁለት ሽማግሌዎች አነጋገሩት። ዋናውን ብቻ በአሥር ወር ልከፍል ተስማማን። በመጨረሻው ክፍያ ቼኩ ተመለሰልኝ፣ ቡና እያፈላሁ ከሰሉ ላይ ጣልኩት።

ባንኩን በተመለከተ፣ ኪሳራ ማወጅ ማስያዣውን ያድንልኛል ብለሽ ከሆነ ተሳስተሻል። ቤቱን የያዘው ባንክ ከሌሎች ቀድሞ ነው ከሱ የሚከፈለው። በአዋጅ 97/1990 መሠረት ደግሞ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። እኔ የአማቴን ቤት ነበር ያስያዝኩት። የብድር ሠራተኛው በየወሩ «አይዞሽ፣ ይራዘማል» ይለኝ ነበር። በቃል። አንድም ወረቀት የለኝም። ማስጠንቀቂያው ሲመጣ «አይዞሽ» ያለኝ ሰው ተዛውሯል። ስለዚህ የማራዘሚያ ጥያቄሽን በደብዳቤ አድርጊው፣ ኮፒው ላይ ማኅተምና ቀን አስመቺ።

ታዲያ ኪሳራ አወጅሽ ወይ ትይኛለሽ። አላወጅኩም። አዲሱ ሕግ ከመክሰር በፊት ከባለገንዘቦች ጋር ተስማምቶ ንግድን መልሶ የማደራጀት መንገድም አለው፤ ጠበቃው እሱን እያዘጋጀ ነበር። ደብተሩ ግን ቀደመን። ሙሉ ዝርዝሩን ይዘን ባንኩ ስንሄድ እንደ ለማኝ አላዩንም። ፍሪዘሮቹን፣ ወንበሮቹን፣ ባለቤቴ ከጓደኛው ጋር የነበረውን የሞተር ጀልባ ድርሻ ራሳችን ገዢ ፈልገን ሸጥን። ውዝፉ ተከፈለ፣ የቀረው ተራዘመ። አማቴ ቤቷ ውስጥ አለች። እኔን ግን እስካሁን በደንብ አታናግረኝም፣ አልፈርድባትም።

እቁቡን በቶሎ ጨርሺው። ዕጣው ቀድሞ ደርሶሽ ከበላሽ የእቁቡ ዳኛ ሳይደውልልሽ አንቺ ደውዪለት። ዋስሽንም ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰማ ራስሽ ንገሪው። ሱቁን የምትዘጊ ከሆነ ፈቃዱን በወቅቱ መልሺ፣ ግብሩ ሱቁ መዘጋቱን አያውቅም።

«አልጋዬን ሳይቀር ይወስዱብኛል» ያልሽው ግን አይሆንም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ልብስ፣ ድስት፣ አልጋ፣ የሙያ መሣሪያ እንዳይያዝ ይከለክላል።

ለጠበቃ የሚከፈል ከሌለሽ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት አቅም ለሌለው ሰው ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ለቤተሰብ ጥቅም የተገባ ዕዳ ባልና ሚስትን አብሮ ስለሚያስጠይቅ ባለቤትሽንም ይዘሽው ሂጂ። በፊት ግን ደብተሩን አብራችሁ ጻፉ። እሱም «እኔም አንድ አለኝ» ሳይል አይቀርም።