ውሻው ሲያጉረመርም መሬት ላይ አትጣሉት

ይድረስ ባሕር ዳር ውስጥ ውሻ ማሰልጠን ለጀመራችሁ ልጆች፣

አመሻሽ ላይ በጣና ዳር መንገድ ጀርመን ሸፐርድ እየጎተታችሁ፣ አንዳንዴም እየተጎተታችሁ ስታልፉ አያለሁ። ደስ ይለኛል። እኔ የእንስሳት ሐኪም ሆኜ ነው ያረጀሁት። አብዛኛው ሥራዬ ከብትና በግ ነበር። ውሻ የሚመጣልኝ ብዙ ጊዜ ሰው ከነከሰ በኋላ ነው።

ለሁለት ተከፍላችሁ እንደምትከራከሩ ሰምቻለሁ። አንዱ ወገን «ውሻ አለቃውን ማወቅ አለበት» ይላል። ከጌታው ቀድሞ አይበላም፣ ከበር ቀድሞ አይወጣም፤ ካስቸገረ በጀርባው አጋድሞ እስኪረጋ መጫን ነው። ሌላው ወገን ደግሞ ሁሉንም ነገር በስጋ ቁራጭ ይጨርሰዋል።

የአለቃው ነገር ከተኩላ ነው የመጣው። ሩዶልፍ ሼንክል የተባለ ተመራማሪ በ1947 (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ፣ በእንስሳት ማቆያ ግቢ ውስጥ የታጎሩ ተኩላዎችን አይቶ ስለ ሥልጣን ሽኩቻቸው ጻፈ። አሜሪካዊው የተኩላ ተመራማሪ ዴቪድ ሜች በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ ሐሳቡን በዓለም አዳረሰው። ይኸው ሜች ግን በካናዳ ኤልስሜር ደሴት የዱር ተኩላዎችን ዓመት ከዓመት ከተከታተለ በኋላ፣ በ1999 የራሱን ቃል አረመ። የዱር ተኩላ መንጋ ቤተሰብ ነው፤ መሪ የተባሉት እናትና አባት ናቸው። ተጋፍተው ወንበር አልያዙም፣ ወለዱ እንጂ። የመጀመሪያው ጥናት የእስረኞችን ጠብ አይቶ ስለ ሰው ትዳር እንደ መጻፍ ነበር።

ደረጃ የሚባል ነገር ጭራሽ የለም ብዬ ግን አልዋሻችሁም። የኛው የሰሜን ተራሮች ቀይ ቀበሮ እንኳ፣ በመንጋው ውስጥ ብዙ ጊዜ የምትወልደው አንዷ ናት፤ ሌሎቹ ግልገሎቿን በማሳደግ ያግዛሉ። ውሾችም አጥንት ላይ ይገፋፋሉ። በር ላይ የሚቀድማችሁ ውሻ ግን ሥልጣን ሊነጥቃችሁ አይደለም። ሽንት ይዞት ይሆናል።

ይህ ሁሉ ወሬ ሆኖ ቢቀር ደብዳቤ ባልጻፍኩ። የሚያሳስበኝ ማጉረምረም ነው።

ሳህኑ ላይ ያለ ውሻ ስትጠጉት ልብ ብላችሁ እዩት። መጀመሪያ ማኘኩን ያቆማል። ሰውነቱ ድርቅ ይላል። ጭንቅላቱን ሳያነሳ በዓይኑ ጥግ ያያችኋል፣ ነጩ ብልጭ ይላል። ከንፈሩ በአንድ በኩል ትንሽ ይነሳል። ያጉረመረመው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ትዕግሥቱ ይገርማል። አለቃ ነኝ ባዩ አሰልጣኝ እዚህ ጋ ዘሎ ይጥለዋል። ውሻው ዝም ይላል፣ ደንበኛው ይደነቃል፣ ሒሳብ ይከፈላል። ፍርሃቱ ግን እዚያው ነው። የጠፋው ማስጠንቀቂያው ብቻ ነው። በሌላ ቀን ሳያጉረመርም ይነክሳል፤ ያን ቀን በሳህኑ አጠገብ የሚያልፈው ደግሞ የቤቱ ሕፃን ሊሆን ይችላል።

የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የባህርይ ችግር ያለበት ውሻ ይዘው የመጡ ሰዎችን ጠይቀው በ2009 አሳትመዋል። ውሻውን መትተው ወይም ረግጠው ከሚያውቁት 43 ከመቶው፣ በጀርባው ከጫኑት ደግሞ 31 ከመቶው ውሻው በቁጣ እንደመለሰላቸው ተናግረዋል። እኛ አገር ደግሞ ንክሻ ቁስል ብቻ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይጠብ፣ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ለክትባት ጤና ተቋም ይሂድ። ፀበሉም ሀገረሰቡም ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የሳህኑ መፍትሔ አሰልቺ ነው። ውሻው የማይደርቅበትን ርቀት ጠብቃችሁ እለፉ፤ ስታልፉ ከሳህኑ የሚበልጥ ነገር፣ ስጋ ቢጤ፣ ወርወር አድርጉና ሂዱ። በየቀኑ። ጅራቱን እየቆላ ሲጠብቃችሁ አንድ እርምጃ ቅረቡ።

ለስጋ ወገኖችም አለኝ። ስጋውን አስቀድሞ አሳይቶ «ና» ማለት ጉቦ ነው። መጀመሪያ ይምጣ፣ ከዚያ ይብላ። የድሮዎቹ የፖሊስና የጦር ውሻ ያዦችን አትናቁ፤ እጃቸው ከበድ ቢልም ቃላቸው አይለዋወጥም፣ ውሻው ምን እንደሚጠበቅበት ያውቃል። ዛሬ ሶፋ ላይ ማስወጣት፣ ነገ በጫማ መምታት ውሻን ያሳብዳል። እንዲከፋ ብሎ ጆሮ መቁረጥና ሚጥሚጣ ማብላትማ ስልጠና አይደለም፣ ጭካኔ ነው።

ሌላው፣ የውጭ ቪዲዮዎቹ የማያውቁት ነገር አለ። እዚያ የሚያበላውም የሚያንሸራሽረውም ባለቤቱ ነው። እዚህ ባሕር ዳር ግን፣ ሽምብጥ ሰፈርም ሆነ ዓባይ ማዶ፣ ትልቅ ግቢ ባለው ቤት ውሻውን የሚያበላው፣ ማታ የሚፈታው፣ ጠዋት የሚያስረው ዘበኛው ነው። ጋሼ ቅዳሜ ቅዳሜ ወጥተው «ተቀመጥ!» ይላሉ፣ ውሻው ዘበኛውን ያያል። ስለዚህ ስትዋዋሉ ዘበኛውም እንዲሠለጥን ጠይቁ፤ ሻይም ጋብዙት። ሥራ ከለቀቀ ደግሞ፣ አዲሱ ሰው ማታ በሩን ብቻውን ከመክፈቱ በፊት ጥቂት ቀን ከአሮጌው ጋር አብሮ ያብላ። ይህን ለጋሼ ከወዲሁ ንገሯቸው፤ አለበለዚያ የሚደወለው ለእናንተ ነው፣ ያውም በሌሊት።