ስም የተቀረጸበት መክተፊያ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በእንጨት መክተፊያ ላይ በሌዘር ስም፣ ቀንና ሥዕል ቀርጸው ከሚሸጡ፣ ወይም ሥራውን ሊጀምሩ ካሰቡ አንባቢዎች በርከት ያለ ጥያቄ ደርሶናል። አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ ማሽኑ ነው። መልሱ ግን ብዙውን ጊዜ ያለው እንጨቱ ላይ ነው፤ ሌዘሩ ከመብራቱ በፊትና ከጠፋ በኋላ በሚሠራው ሥራ። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አጣምረናል።

ጥያቄ፦ የቀረጽኩት ጽሑፍ ዙሪያውን ቡናማ ጭስ ይለብሳል። በብርጭቆ ወረቀት ሳሸው ጽሑፉም አብሮ ይደበዝዛል። ጥፋቱ የማሽኑ ነው የእኔ?

መልስ፦ የጭሱ ነው። እንጨት ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ዝፍት መሰል ነገር ይዞ ይወጣል፤ አጠገቡ ያለውን ቀዝቃዛ እንጨት ሲነካ እዚያው ይረጋል። ስለዚህ ከማጽዳት መከላከሉ ይቀላል።

የሚቀረጸውን ቦታ በሙሉ በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑ። አየር እንዳይቀር በፕላስቲክ ካርድ ጠርዝ ከመሃል ወደ ዳር እየገፉ ይጫኑት፤ አረፋ የቀረበት ቦታ ላይ ጭሱ ከሥር ይገባል። ሌዘሩ ወረቀቱንም መብሳት ስላለበት ኃይሉን ከወትሮው 10 በመቶ ገደማ ከፍ ያድርጉ። ፕላስተሩ የግድ ወረቀት ይሁን። ፒቪሲ ከተባለው ፕላስቲክ የተሠራ ፕላስተር ወይም ስቲከር ሌዘር ሲነካው ሃይድሮጂን ክሎራይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ ሳንባ ይጎዳል፣ የማሽኑን ብረትና ሌንስም ይበላል።

ቀጥሎ አየሩን ይመልከቱ። እንጨት ለመቁረጥ የሚያገለግለው ኃይለኛ የአየር ግፊት ለቅርጽ አይሆንም፤ ጭሱን መልሶ እንጨቱ ላይ ይደፋዋል። ሌንሱን ከጭስ የሚጠብቅ ያህል ብቻ ለስለስ አድርገው ይተዉት። ጭስ መሳቢያው ከማሽኑ ጀርባ ከሆነ ደግሞ ቅርጹ ከፊት ተነስቶ ወደ ጀርባ እንዲሄድ ሶፍትዌሩ ላይ ይዘዙ። እንዲህ ሲሆን ጭሱ የሚሳበው ገና ባልተቀረጸው በኩል ስለሆነ የተጠናቀቀው ፊደል ንጹሕ ሆኖ ይቀራል።

በፊደሎች ውስጥ የሚቀሩትን ጥቃቅን የወረቀት ቁርጥራጮች በጥፍር መልቀም ትዕግሥት ያስጨርሳል። ሰፊ የማሸጊያ ፕላስተር ከላይ ለጥፈው አንዴ ቢስቡት አብዛኛውን ይዞት ይነሳል።

እድፉ አንዴ ከያዘ አይሶፕሮፒል አልኮል በነካው ነጭ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ጨርቁን ቶሎ ቶሎ እያዞሩ፣ አለበለዚያ ጥቀርሻውን ከፊደሉ አውጥተው ሜዳው ላይ ያሰራጩታል። ይህ ካልበቃ ቁጥር 220 ብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልለው ይሹት። በጣት የያዙ እንደሆነ ጣትዎ ፊደሉ ውስጥ እየሰመጠ ጠርዙን ይበላዋል፤ የደበዘዘብዎትም ምናልባት ለዚሁ ነው። ይህ ሁሉ ዘይት ከመቀባቱ በፊት ይለቅ፤ ዘይት ካረፈበት እድፉ እዚያው ታተመ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ለጀማሪ የትኛው እንጨት ይሻላል? ቀርከሃ ርካሽ ስለሆነ በእሱ ልጀምር?

መልስ፦ ሜፕል፣ ቢች ወይም ቼሪ። ሦስቱም ጠንካራና ቀዳዳቸው ጥቃቅን ስለሆነ ውሃ በቀላሉ አይመጥጡም፤ ቀለማቸው ከዋልነት ይልቅ ፈካ ያለ በመሆኑም ቅርጹ ጎልቶ ይታያል። ዋልነት መክተፊያው ያምራል፣ ግን ጥቁር ቡናማ ላይ ጥቁር ጽሑፍ ስለሚሆን ፊደሉን ወፈር ማድረግ ያስፈልጋል።

ቀርከሃ የሣር ዘር እንጂ ዛፍ አይደለም። መክተፊያው የሚሠራው ቀጫጭን ስንጣሪዎች በኮላ ተጣብቀው ነው። ሌዘሩ ቃጫውንና ኮላውን እኩል ስለማያቃጥል በፊደሉ መሃል ነጣ ያለ መስመር ሊያልፍ ይችላል። ለወፍራም ጽሑፍ ችግር የለውም፤ ፎቶ ለመቅረጽ ግን አንመክርም። ጥድንና የመሳሰሉትን ሙጫ ያላቸው ለስላሳ እንጨቶች ይተዉ፤ በየዓመት ቀለበታቸው ውስጥ ለስላሳው ክፍል ጠልቆ ሲቃጠል ጠንካራው ስለሚቀር ጽሑፉ መሰላል ይመስላል። ቀይ ኦክም ቢሆን ቀዳዳው እንደ ገለባ ክፍት ስለሆነ ለመክተፊያ አይመረጥም።

ሲገዙ እርጥበቱን ይጠይቁ፤ በምድጃ ደርቆ ከ6 እስከ 8 በመቶ የደረሰ ይሁን። እርጥብ እንጨት ከተቀረጸ በኋላ ሲደርቅ ይጣመማል።

ጥያቄ፦ እኔ 60 ዋት የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር አለኝ፣ ወንድሜ ደግሞ 10 ዋት ዳዮድ። በሜፕል ላይ ስንት ፍጥነትና ስንት ኃይል እንጠቀም?

መልስ፦ ለእርስዎ ማሽን መነሻው በሰከንድ 300 ሚሊሜትር፣ 40 በመቶ ኃይል፣ በመስመርና በመስመር መካከል 0.1 ሚሊሜትር። ለወንድምዎ በሰከንድ 100 ሚሊሜትር፣ 80 በመቶ፣ ያው 0.1።

ሁለቱ ቁጥሮች የተራራቁ ይምሰሉ እንጂ አንድ ናቸው። ዋቱን ለፍጥነትና ለመስመር ርቀት ብዜት ያካፍሉት፦ የእርስዎ (የ60 ዋት 40 በመቶ) 24 ዋት ለ30፣ የወንድምዎ (የ10 ዋት 80 በመቶ) 8 ዋትም ለ10። ሁለቱም በአንድ ካሬ ሚሊሜትር 0.8 ጁል ይሰጣሉ። ሌላ ማሽን ሲገዙ ወይም ፍጥነት ሲቀይሩ ከዚህ ስሌት ይነሱ። እርግጥ በስክሪኑ ላይ ያለው መቶኛ ከትክክለኛው ዋት ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም፤ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ቱቦም ሲያረጅ ይደክማል። ስለዚህ ከዚያው እንጨት ቁራጭ ላይ 10 ሚሊሜትር በ10 ሚሊሜትር የሆኑ 25 ሳጥኖች ይቅረጹ፤ ወደ ጎን ኃይሉ፣ ወደ ታች ፍጥነቱ ይለዋወጥ። ከሳጥኖቹ የሚመርጡት የጠቆረውን ሁሉ አይደለም፦ በጣት ሲነኩት ጥቀርሻ የማይለቅ፣ ጠርዙ ያልተበላ፣ ጥልቀቱም ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊሜትር የሚሆነውን ነው።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ። የዳዮድ ማሽኖች ሶፍትዌር ብዙ ጊዜ ፍጥነትን በደቂቃ ይቆጥራል። በሰከንድ 100 ማለት እዚያ 6000 ነው፤ 100 ብለው ካስገቡ እንጨቱ ከሰል ይሆናል።

ጥያቄ፦ የፊደሎቹ ጠርዝ ድርብ ሆኖ ይወጣል፣ ጥላ ያለው ይመስላል።

መልስ፦ የሌዘሩ ጭንቅላት ሲሄድና ሲመለስ የሚጽፋቸው መስመሮች አልገጠሙም። በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲጽፍ አድርገው ይሞክሩ። ድርቡ ከጠፋ የሶፍትዌሩን የመልስ ጉዞ ማካካሻ ማስተካከል ነው፤ ካልጠፋ የላላ ቀበቶ ወይም የላላ ሌንስ አለ። ከአንዱ ወገን ጥርት ብሎ በሌላው የሚደበዝዝ ከሆነ ግን ጣውላው ተጣሟል፣ የሌዘሩ ትኩረትም (ፎከስ) በዚያ በኩል ስቷል። አራቱንም ማዕዘን ይለኩ።

ጥያቄ፦ በአማርኛ ስም ስጽፍ ሶፍትዌሩ ላይ ሳጥን ሳጥን ይሆንብኛል። ሲሠራልኝም ትንንሾቹ ፊደሎች ይደፈናሉ።

መልስ፦ ሳጥኑ የሚመጣው የመረጡት የፊደል ቅርጽ (ፎንት) የግዕዝ ፊደላትን ስላልያዘ ነው። ኖቶ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ይጫኑ፤ ጽሑፉን እንደ ኢንክስኬፕ ባለ የሥዕል ሶፍትዌር ጽፈው ወደ ቬክተር መስመር ቀይረው ያስገቡት። ከዚያ በኋላ በየትኛውም ኮምፒውተር ቢከፈት ቅርጹ አይለወጥም።

መደፈኑ የፊደላችን ጠባይ ነው። የሜን፣ የቤን፣ የሌን ቀለበት ይመልከቱ፦ ፊደሉ 4 ሚሊሜትር ሲሆን የቀለበቱ ቀዳዳ ከጥቂት የሌዘር መስመር አይበልጥም፤ ሙቀቱ ከዳርና ከዳር ሲገናኝ ይጠፋል። ከ7 ሚሊሜትር በታች ባይወርዱ ይሻላል። የግድ ካነሰ ቀጠን ያለውን የፊደል ክብደት ይምረጡ፣ የመስመሩን ርቀት ወደ 0.08 ዝቅ አድርገው ፍጥነቱን በዚያው ልክ ይጨምሩ። ሸ ከሰ የሚለየው በአናቱ ላይ ባለች አግድም ሰረዝ ብቻ ነው፤ ሰረዟ ከፕላስተሩ ጋር ተነስታ እንዳትሄድ ካወጡት በኋላ አጉልተው ይዩት።

ከዚህም የሚብሰው አጻጻፉ ነው። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ኀይሉ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለባለቤቱ ግን አይደሉም። ጸጋዬና ፀጋዬም እንደዚያው። በስልክ የተነገረ ስም አይቅረጹ። ደንበኛው ራሱ ጽፎ የላከውን ቀድተው ይለጥፉ እንጂ እንደገና አይተይቡት። ከዚያም በመክተፊያው መጠን የተዘጋጀ ሥዕል ልከው “ትክክል ነው” የሚል የጽሑፍ መልስ ሳይደርስዎ ማሽኑን አያስነሱ።

ጥያቄ፦ መጨረሻ ላይ በምግብ ዘይት መቀባት እችላለሁ?

መልስ፦ አይሆንም። የሱፍም የወይራም ዘይት እንጨት ውስጥ ሳይደርቅ ቆይቶ ይሻግታል። ለምግብ ዕቃ የተፈቀደ ሚኒራል ኦይል ይጠቀሙ። መከላከያ ሽፋን ከፈለጉ 4 እጅ ዘይት ለ1 እጅ ንጹሕ ሰም በክብደት ይመዝኑና በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ያቅልጡት፤ ሰም በ62 እና 64 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ስለሚቀልጥ በቀጥታ እሳት ላይ መጣድ አያስፈልገውም።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ በቁጥር 120፣ 180፣ 220 ብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱ፤ በእርጥብ ጨርቅ አብሰው ጥቂት ሰዓት ያድርቁት። የእንጨቱ ቃጫ ቆሞ ሸካራ ይሆናል፣ እሱን እንደገና በ220 ቀለል አድርገው ያንሱለት። ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው መክተፊያው መጀመሪያ የታጠበ ዕለት ይሻክርበታል። ከዚያ ይቅረጹ፣ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ጥቀርሻውን ያራግፉ፣ ዘይቱን አጥግበው ይቀቡ፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ የተረፈውን ይጥረጉ። በማግስቱ ይድገሙ።

የተልባ ዘይት የሚጠቀሙ ካሉ ጨርቁን ጨብጠው አይጣሉ፤ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያወጣ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግተው ያድርቁት።

ጥያቄ፦ አንዲት ደንበኛ ከሁለት ወር በኋላ “ቅርጹ ለቀቀ” ብላ መለሰችልኝ። ገንዘቧን ልመልስ?

መልስ፦ መጀመሪያ መክተፊያውን ይዩት። ጽሑፉ በጣት ሲዳሰስ ጥልቀት ከሌለው ጥፋቱ የእርስዎ ነው፤ ላይ ላዩን የጠቆረ ከሰል ብቻ ስለነበር በውሃ ታጥቦ ሄዷል፣ ይተኩላት። ጥልቀቱ እያለ እንጨቱ ከነጣ፣ ከተጣመመ ወይም የኮላው መገጣጠሚያ ከተከፈተ በዕቃ ማጠቢያ ማሽን ገብቷል ወይም ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ አድሯል። ይህ እንዳይመጣ ከእያንዳንዱ መክተፊያ ጋር ሦስት መስመር ያለው ወረቀት ይላኩ፦ በእጅ ይታጠብ፣ ቆሞ ይድረቅ፣ በየወሩ ዘይት ይቀባ። አንድ ነገር እንጨምር፤ ቅርጹ በአንደኛው ገጽ፣ መክተፉ በሌላኛው ይሁን። ቢላዋ ያላረፈበት ጽሑፍ ይከርማል፣ ምግብም ፊደል ውስጥ አይቀረቀርም።

ጥያቄ፦ ዋጋ የማወጣው ሌዘሩ በሠራበት ደቂቃ ነው። ሥራ ሞልቶልኛል፣ ገንዘብ ግን የለም።

መልስ፦ 200 በ120 ሚሊሜትር የሆነ ቅርጽ እንውሰድ። በ0.1 ርቀት 1200 መስመር ነው። በሰከንድ 300 ሚሊሜትር ሲጓዝ መስመሮቹ ብቻ 800 ሰከንድ ይወስዳሉ፤ በየመስመሩ ዳር ለመዞር 0.2 ሰከንድ ቢጨምር ሌላ 240። በድምሩ 17 ደቂቃ ገደማ። (መክተፊያውን በቁሙ አድርገው ቢቀርጹት መስመሩ 2000 ይሆንና መዞሩ ብቻ 400 ሰከንድ ይፈጃል፤ ስለዚህ ረጅሙን ጎን በጭንቅላቱ ጉዞ አቅጣጫ ያድርጉት።)

አሁን እጅዎን ይቁጠሩ። ከደንበኛ ጋር መነጋገርና ሥዕል ማዘጋጀት 25 ደቂቃ፣ ማለስለስ 15፣ ማስቀመጥና ትኩረት ማስተካከል 5፣ ማጽዳት 5፣ ሁለት ዙር ዘይት 10፣ ማሸግ 10። 70 ደቂቃ ነው፤ እርስዎ የሚያስከፍሉት ግን ለ17ቱ ነው። የእጅዎን ሰዓት ዋጋ ይወስኑ፣ እንጨቱን፣ ፕላስተሩን፣ ዘይቱንና ማሸጊያውን ይደምሩ፣ ከ20 አንዱ የሚበላሽብዎት ከሆነ 5 በመቶ ይጨምሩ። ትርፍ የሚታሰበው ከዚህ በላይ ነው።

የጅምላ ቅናሽ ከየት እንደሚመጣም ይኸው ስሌት ያሳያል። 30 አንድ ዓይነት መክተፊያ ሲታዘዝ የሥዕሉ 25 ደቂቃ ለ30 ይካፈላል፤ የእጅ ሥራው ከ70 ወደ 46 ደቂቃ ይወርዳል። እስከዚያ ድረስ መቀነስ ይችላሉ። በ30ዎቹ ላይ 30 የተለያየ ስም ከተፈለገ ግን እያንዳንዱ መረጋገጥ ስላለበት ያ ቅናሽ የለም። ለማንኛውም ስም ለተጻፈበት ዕቃ ቀብድ ሳይቀበሉ አይጀምሩ፤ ደንበኛው ቢቀር ለሌላ አይሸጥም።

በአጭሩ የሚመለሱ

ደንበኛ የራሱን መክተፊያ ቢያመጣስ? ዘይት የጠጣ እንጨት ሲቀረጽ ይጨሳል፣ ይዥጎረጎራል፤ ቫርኒሽ የተቀባ ከሆነ ጭሱ ጎጂ ነው። ቢበላሽ እንደማይተኩ አስፈርመው ብቻ ይቀበሉ።

የእግር ኳስ ክለብ አርማ ወይም የካርቱን ገጸ ባሕርይ? የባለመብቱ የጽሑፍ ፈቃድ ከሌለ ይመልሱት። “ደንበኛው ነው ያዘዘኝ” ማለት አያድንም።

ማሽኑ እየሠራ ወጣ ብዬ ብመለስስ? አይውጡ። አጠገብዎ የካርቦን ዳይኦክሳይድ እሳት ማጥፊያ ይኑር፤ የዱቄት ማጥፊያ እሳቱን ቢያጠፋም ሌንሱንና ሐዲዱን ያበላሻል።