ተራራማ ቦታ ላይ ውድድር፦ ሸለቆውን መቼ ልሻገር?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ የአምዱ አዘጋጆች? ሀንግ ግላይደር (ሰው ስሩ ተንጠልጥሎ ሚያበረው ሞተር የሌለው ክንፍ) ማብረር ከጀመርኩ ቆየሁ፣ ተርማል (ወደላይ ሚወጣ ሞቃት አየር) ውስጥ መዞሩም ሆነ ረጅም ሰዓት አየር ላይ መቆየቱ አያስቸግረኝም። አሁን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አገር አቋራጭ ውድድር ልመዘገብ ነው፣ ቦታው ደሞ ተራራማ ነው። ነጥቡ እንዴት እንደሚሰጥ በደንብ አልገባኝም፣ ፈጣኖቹን ልከተል ወይስ የራሴን ልብረር ሚለውም ግራ አጋብቶኛል። ከሁሉ በላይ ግን ሸለቆ መሀል ከፍታ ቢያልቅብኝስ እያልኩ እፈራለሁ። ፕሊስ ዘርዘር አርጋችሁ መልሱልኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ዋናው ጥያቄ መጨረሻ ላይ የጻፍሽው ፍርሀት ነው፣ እሱ ላይ እንቆያለን፣ መጀመሪያ የነጥቡን ነገር ቶሎ እናንሳው።

ጠዋት የታስክ (የቀኑ ውድድር) ኮሚቴው የአየር ትንበያውን አይቶ የቀኑን መንገድ ያወጣል። መንገዱ ጂፒኤስሽ ላይ ምታስገቢያቸው ቦታዎች ናቸው፣ እያንዳንዱ ቦታ ዙሪያውን ክብ አለው፣ ክቡን ከነካሽ አለፍሽው ማለት ነው፣ የመጨረሻው ጎል ነው። በአንድ ቀን ቢበዛ 1000 ነጥብ ነው ሚገኘው፣ እሱም ከርቀት፣ ከፍጥነትና ከፊት ሆኖ ከመምራት ተደምሮ። ግን ፍጥነትሽ በዋናነት ሚታሰብልሽ ጎል ስትገቢ ነው፣ ስለዚ ለመጀመሪያ ውድድር ቀስ ብሎ ጎል መግባት በጥድፊያ ሄዶ መንገድ ላይ ከማረፍ እጅግ ይሻላል።

መከተሉን በተመለከተ፣ ተከተይ፣ ግን ዓይንሽን ጨፍነሽ አይደለም። አየሩ አይታይም፣ ሌሎቹ ክንፎች ግን ይታያሉ፣ የትኛው ቶሎ እየወጣ እንደሆነ ማየት ከቫሪዮሽ (መውጣትና መውረድሽን ሚያሳየው መሳሪያ) በላይ ይነግርሻል። እ.ኤ.አ. በ2012 የሀንግ ግላይደር አብራሪው ደስቲን ማርቲን ቴክሳስ ውስጥ ከዛፓታ ተነስቶ 764 ኪሎሜትር ሲሄድ ሌላው አብራሪ ጆኒ ዱራንድ አብሮት ነበር፣ የሱም በረራ 761 ኪሎሜትር ነው፣ ሁለት ሰው ሲሆን ተርማል ፍለጋው እንዴት እንደሚቀል ከዚህ በላይ ማሳያ የለም። ደሞ አትርሺ፣ መጀመሪያ የገባው ሰው በዞረበት አቅጣጫ ነው ምትዞሪው፣ ካንቺ በላይ ያለውን ሰው ክንፍሽ ይጋርድብሻል፣ ስለዚ ከስር ሆነሽ በፍጥነት እየወጣሽ ከሆነ ከላይ ማን እንዳለ ቀድመሽ እወቂ።

አሁን ወደ ሸለቆው። የዛፓታው በረራ ሜዳ ላይ ነው፣ ሜዳ ላይ ከፍታ ቢያጥርሽ ፊትሽ ያለው መሬት ብዙ ጊዜ ማረፊያ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1976 የመጀመሪያው የሀንግ ግላይደር የዓለም ሻምፒዮና የተደረገበት ኦስትሪያ ያለው ኮሰን ወይም የእ.ኤ.አ. 2019ኙ የተደረገበት ጣሊያን ያለው ቶልሜዞ ግን ተራራ ነው፣ እዛ ደን፣ ገደልና ጠባብ ሸለቆ አለ፣ ስለዚ ሂሳቡ ሌላ ነው። ከተርማል መቼ መውጣት እንዳለብሽ ፖል ማክሬዲ ያስተማረው ሀሳብ ጥሩ ነው፣ እሱ እ.ኤ.አ. በ1956 የግላይደር (ሞተር አልባ አውሮፕላን) የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው፣ ሀሳቡም ባጭሩ ያለሽበት ተርማል ፊትሽ ካለው ሚጠበቅ ተርማል ሲደክም ተነሺና ሂጂ ነው። ሸለቆ ከመሻገርሽ በፊት ግን ይሄን ሕግ ብቻውን አትመኚው፣ ደካማም ቢሆን እስከላይ ውጪ፣ ጊዜ ይባክናል ብለሽ አትቸኩይ።

ምክንያቱን በቁጥር ልንገርሽ። ጥሩ የውድድር ክንፍ በጸጥታ አየር 1 ሜትር ሲወርድ ወደ 15 ሜትር ገደማ ወደፊት ይሄዳል፣ በዚህ ሂሳብ 8 ኪሎሜትር ሸለቆ 550 ሜትር እንኳን አይበላም። ሸለቆ መሀል ግን ብዙ ጊዜ አየሩ ወደታች ይጫንሻል፣ ከሰዓት ሲሆን ደሞ ወደ ላይኛው ሸለቆ ሚነፍሰው ነፋስ ይበረታል፣ ስለዚ እኔ 1 ለ 8 አርጌ ነው ማስበው፣ ለሸለቆው ብቻ 1000 ሜትር ማለት ነው፣ ከዛ በላይ ደሞ ማዶ ስትደርሺ ከሸንተረሩ ጫፍ በላይ ሚያስቀርሽ ትርፍ ያዢ። ምትደርሺበት ጎን ፀሀይ ሚመታውና ነፋስ ሚገባበት ይሁን፣ ጠዋት የምስራቁ ፊት ከሰዓት የምዕራቡ። ከነፋሱ ጀርባ ያለው ጎን ላይ ሚሽከረከረው አየር ክንፍ ሊገለብጥ ይችላል፣ እዛ ዝቅ ብለሽ ተርማል መፈለግ ፈጽሞ አይገባም፣ ውጤቱ ምንም ቢሆን።

ማረፊያሽን ሸለቆው ውስጥ ከገባሽ በኋላ ሳይሆን ከመግባትሽ በፊት ምረጪ። ሽቦ ከላይ አይታይም፣ ምሰሶዎቹን ፈልጊ። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ሽቅብ ነው ሚታረፈው፣ ትንሽ ነፋስ ከኋላ ቢመጣም። እኔ ለጀማሪ ተወዳዳሪ ምመክረው ከመሬት 300 ሜትር ላይ ፍለጋውን አቁሚና ሙሉ ሀሳብሽን ማረፊያው ላይ አድርጊ ነው፣ ከዛ በታች ተርማል ይዘው ሚወጡ አሉ አውቃለሁ፣ እነሱን ተያቸው ለጊዜው። አየሩ አስፈሪ ከሆነብሽ በሬዲዮ ተናገሪ፣ አዘጋጆቹ ታስኩን ማቆም የሚወስኑት ከፓይለቶች በሚሰሙት ነው። ካረፍሽ በኋላ ደሞ ክንፍሽን ከመፍታትሽ በፊት ደህና ነኝ ብለሽ ሪፖርት አድርጊ፣ ካለበለዚያ ፍለጋ ይጀመራል።