የቮልስ ጣሪያ፦ ልብሱን ከማዘዝህ በፊት እንጨቱን እይ

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያለህ። የ1979 (እ.ኤ.አ.) ቮልስ ኮንቨርቲብል፣ ማለትም ጣሪያው የሚታጠፍ፣ ገዝተህ ጣሪያው ከኋላ መስታወቱ ጥግ ተቀዶ ዝናብ እያስገባ ነው። «ራሴ ልቀይረው እችላለሁ? ቪኒል (ፕላስቲክ የለበሰ ጨርቅ) ይሻላል ወይስ ሸራ?» ብለሃል። እኔ የ1978ቱን እዚህ ቨርጂኒያ ጋራዤ ውስጥ ቀይሬዋለሁና ያየሁትን ልንገርህ።

ትችላለህ። ግን ሦስት ቅዳሜና እሁድ ያዝለት። እኔ አዲሱን ልብስ ለማልበስ የወሰደብኝ የመጨረሻዋን ብቻ ነው። የቀረው ጊዜ ያለቀው አሮጌውን በማውለቅና ከሥር ያለውን በመጠገን ነው።

ይህ መኪና እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1980 ጀርመን ውስጥ፣ ኦስናብሩክ በሚገኘው የካርማን ፋብሪካ ነው የተሠራው። ጣሪያው ነጠላ ጨርቅ አይደለም። ከውስጥ ኮርኒስ አለው፣ መሃል ላይ ወፍራም ሙሌት፣ ከላይ ደግሞ የውጪው ልብስ። ሲታጠፍ ከኋላ ተቆልሎ የሚቀረው ለዚህ ነው። ክረምት ከበጋ ሙቀቱን የሚይዘውም በዚሁ ነው። ችግሩ ግን ውሃ አንዴ ከገባ ሙሌቱ ውስጥ ተቀምጦ እንጨቱን ይበላዋል። አዎ፣ እንጨት አለው። ከፊት መስታወቱ በላይ የሚያርፈው ክፍል እንጨት ነው፣ ከኋላም አለ። ልብሱ በስቴፕል ተመትቶ የሚያያዘው እዚያ ላይ ነው። እንጨቱ ከበሰበሰ የፈለግከውን ውድ ልብስ ብትገዛ አይይዝም። የእኔን በጠመንጃ መፍቻ ስነካው ሰርስሮ ገባ። ስለዚህ መጀመሪያ የፊቱን ጠርዝ ገልጠህ እይ፣ ከዚያ እዘዝ።

አሮጌውን በጉልበት አትቅደደው። ትልቁ አስተማሪህ እሱ ነው። እያንዳንዱን እርከን ፎቶ አንሳ። የጣሪያውን ብረቶች የሚያያይዘውን የጨርቅ ቀበቶ ርዝመት ሳትፈታው ለካና ጻፍ፣ የጣሪያው ቅርጽ የሚወሰነው በእሱ ነው። አዲሱ ተጠናቆ እስኪያልቅ አሮጌውን አትጣል።

ከዚያ ባዶውን የጣሪያ ብረት እንደተዘጋ ጣሪያ አድርገህ ዝጋው። በሮቹን ዝጋ፣ የበሮቹን መስታወቶች ወደ ላይ ከፍ አድርግና ከጣሪያው ብረት ጋር ያላቸውን ክፍተት ተመልከት። እዚህ ያልተስተካከለ ነገር በኋላ በጨርቅ አይስተካከልም።

እኔ የተሳሳትኩት የኋላ መስታወቱ ላይ ነው። የቮልስ የኋላ መስታወት እንደ ብዙዎቹ ኮንቨርቲብሎች ፕላስቲክ ሳይሆን እውነተኛ መስታወት ነው፣ ይከብዳል። ቸኩዬ ቀዳዳውን ልብሱ ሳይወጠር ቆረጥኩት። ስወጥረው አንድ ጣት ያህል ወደ ግራ ሄደ። ልብሱን ሙሉ በሙሉ እንደገና መግዛት ነበረብኝ። አንተ ፊትና ኋላውን ወጥረህ፣ መሃሉን ምልክት አድርገህ፣ በመጨረሻ ቁረጥ። መጀመሪያም ጠበብ አድርገህ ቁረጥ። ማስፋት ይቻላል፣ ማጥበብ አይቻልም።

ከታች በጠርዙ ውስጥ የሚያልፈው ሽቦ ልብሱን ከኋላ በመኪናው አካል ላይ ወዳለው ቦይ ስቦ የሚይዘው ነው። ግራና ቀኙን እያፈራረቅክ ቀስ በቀስ አጥብቀው። አንዱን ወገን ጨርሰህ ወደ ሌላው ከሄድክ ይሸበሸባል። ስቴፕሉ የማይዝግ ይሁን። ዝገቱ ልብሱን ያበላሸዋል፣ እንጨቱንም ይጎዳል።

ቪኒል ወይስ ሸራ? ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሰው እኔ ቪኒል እላለሁ። ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ትንሽ ስህተት ይሸፍንልሃል፣ ለማጠብም ቀላል ነው። ሸራ ያምራል፣ ግን ዋጋው ከፍ ይላል፣ በደንብ ካልተወጠረም ያስታውቃል። ቪኒል ከመረጥክ ፀሐያማ ቀን ጠብቅ። ከካርቶኑ አውጥተህ ለአንድ ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ዘርጋው፣ የታጠፈበት መስመር ይለቃል። በብርድ ከወጠርከው ትታገላለህ።

ስትጨርስ ሁለት ሳምንት ያህል ሳትከፍት ተወው፣ ቅርጹን ይያዝ። በጋ ላይ ከሆነ እንደሚከብድህ አውቃለሁ። ግን ታገስ።

የፊቱን እንጨት ስትገልጠው ፎቶ ላክልኝ። የሚጠገን ይሁን ወይም የሚቀየር አይቼ እነግርሃለሁ።